ኳሷ ወደ ግራ የሄደች ለት

ጂንካን አሁን የምታውቋት ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያዋ ከተማው መሀል ነበር ብላችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ነበር። ያውም አስፋልት የሌለው ረጅም የሣር ሜዳ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሰዉም ከብቱም ይባረራል፤ ሲነሣ ደግሞ ሁሉም እንደነበረው ይመለሳል። ከገበያ የሚመጣው ያቋርጠዋል፣ ወጣቱ ኳስ ይራገጥበታል፣ ሞተር ሳይክል መንዳት የሚማረው ይወድቅበታል። የሁላችንም ግቢ ነበር። የእኔ ሕይወት የተገለበጠው እዚያ ሣር ላይ ነው።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነኝ። ማቴዎስ እባላለሁ፤ የሚያውቁኝ ማቴ ይሉኛል። አናጢ ነኝ። ከጎፋ ወደ ጂንካ ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ኢያሱ ነው፤ እሱ ግንበኛ ነበር። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ ሲያስፈልግ የገረፈኝም እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ጋሼ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሲዘምር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ ድምፁ አይሰማም። እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ። «አንተ ልጅ፣ ያለ ክብሪት የምትነድ» ይለኝ ነበር። ዛሬም ብዙ አልተሻለኝም፤ ሚስቴን ጠይቋት።

በዚያ ዓመት ወደ ወይጦ የሚወርደው መንገድ ይሠራ ነበር። ጋሼ ለመንገዱ የድጋፍ ግንብ ይገነባል። የሥራው ኃላፊ ከአዲስ አበባ የመጣ ፍቅሩ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ የማይለየው፣ ሲናገር ሰው የማያይ። አንድ ቀን ጋሼ የሠራውን ግንብ ዞር ዞር ብሎ አየና «አፍርሰው» አለው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ነው። ያ ዝምተኛ ወንድሜ ምን እንደነካው እንጃ፣ «አንተ ወረቀት እንጂ ድንጋይ አታውቅም» ብሎ መለሰለት። ኢንጂነሩም ጣቱን ቀስሮ «ቆይ! አሳይሃለሁ!» አለ። ግንቡ ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም። «አሳይሃለሁ» መባሉን ግን ማታውኑ መላው ጂንካ ሰምቶታል።

ኢንጂነሩ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ነበረው። አዲስ አበባ ነው የለመደው። ከሥራ ሲወጣ ረጅም ዱላና ትንሽ ነጭ ኳስ ይዞ ሜዳው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ዱላውን ወደ ኋላ አንሥቶ ያወርደዋል፣ ኳሷ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ እያፏጨች ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰዉ ለትርዒት ይሰለፍ ነበር፤ በኋላ ለመደውና ተወው። እኔማ ከሩቅ አየሁና «ሥራ ፈት» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ከጭቅጭቁ በማግስቱ አመሻሹ ላይ አልጋ እየገጣጠምኩ ሳለ ጎረቤታችን እያለከለከ ገባ። «ማቴ ድረስ! ኢንጂነሩ ኢያሱን መታው!»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጋሼ ሜዳውን በሚያቋርጠው የእግር መንገድ ላይ ተጋድሟል። የግንበኛ ማንኪያውና የግንብ ማቅኛ ቱምቢው ከጎኑ ተበትኗል። ከጆሮው ደም ይወርዳል፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን አያየኝም። ኢንጂነሩ ኮፍያው ወድቆ፣ ተንበርክኮ የወንድሜን ራስ ይዟል። «መኪና አምጡ!» እያለ ይለምናል። እኔ ልመናውን መች ሰማሁ! ዘልዬ አንገቱን አነቅኩት። ስንት ሰው ሆነው እንዳላቀቁኝ አላስታውስም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ አነጋገረኝ። ኳሷ ጆሮ ግንዱ ላይ ነው ያረፈችው፣ ውስጡ ደም ቋጥሯል። «አርባ ምንጭ ድረስ ይህን መንገድ አይችለውም። እዚሁ የምንችለውን እናደርጋለን፤ ጸልዩ» አለኝ። የጋሼ ሚስት ብርቄ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ እግሩን ይዛ ነበር። አላለቀሰችም። እግሩን ብቻ ትደባብሳለች።

ያንን አይቼ ወጣሁና ለራሴ ማልኩ፦ ጋሼ ከሞተ፣ ኢንጂነሩም ይሞታል። ቤቴ ሄጄ መሮዬን ሳልኩ። አናጢ ነኝና መሮ መሳል አውቅበታለሁ። ከጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

በነጋታው የከተማው ወሬ አንድ ነበር። ሜዳው ዳር ሸንኮራ የምትሸጥ ዘነቡ የምትባል ሴት አለች፤ ሁሉን ስታይ የምትውል። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ፣ ከልቧ አዝና፣ «እኔን ግርም የሚለኝ» አለች፣ «የዚህ ሰውዬ ኳስ ወትሮ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ወደ ግራ ትነሣና ዞራ ወደ እኔ በኩል ትመለሳለች። አንዴ ቅርጫቴን መትታዋለች። ትናንት ብቻ ነው ወደ ግራ እንደሄደች የቀረችው። ፊቱን ወደ ኢያሱ አዙሮ ቆመ፣ አየው፣ መታው።»

በቃ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ልፈልግ? ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የምትሄድ ኳስ፣ «አሳይሃለሁ» በተባለ በማግስቱ ለይታ ወንድሜን ታገኘዋለች? የመንገድ ሠራተኞቹም፣ የአገራችን የጎፋ ልጆችም ደማቸው ፈልቷል። የሚያዩት እኔን ነው። እኔ እሺ ካልኩ ኢንጂነሩ አለቀለት።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይህን ስላወቁ ረፋድ ላይ አቶ አይኬን ይዘው መጡ። አቶ አይኬ የበና ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ጂንካ ከገቡ ቆይተዋል። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ግን ሲናገሩ ሰው ያዳምጣል። እኚህ ሰውዬ በሽምግልና የታወቁበት የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፦ ሰው የጎዳው ዕቃ እፊታቸው ሳይቀርብ አይፈርዱም። ማጭድም ይሁን፣ በትርም ይሁን፣ የበሬ ቀንበርም ይሁን ያስመጡታል። ከዚያ እሳቸው አይነኩትም፤ ለተበዳይ ወገን ነው የሚያስይዙት።

«ወንድምህ ይተነፍሳል?» አሉኝ።

«ይተነፍሳል።»

«እንግዲያ ጊዜ አለን። ዱላው የት አለ?»

«አባባ፣ የዱላ ነገር ምን ያደርግልናል? ሰውዬው ዝቷል፣ አይቶታል፣ መትቶታል። ምስክር ሞልቷል!»

«ምስክር ሰውን አየ። ዱላውን ማን አየ?»

«ዱላ ምን ያውቃል?» ብዬ ጮኽኩ።

«እሱን ነው የምንጠይቀው» አሉና ተነሡ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይሉ የለ? እኔ በዚያን ሰዓት ሥርም አልፈለግኩም፣ ጥሩም አልፈለግኩም። ግን ሽማግሌ ሲነሣ ተቀምጦ መቅረት ነውር ነውና ተከተልኳቸው። ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ኢንጂነሩን ታስሮ ካደረበት ጣቢያ ያወጡታል፣ በቅርብ አገኘዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሁለት ፖሊሶች ኢንጂነሩን ይዘው መጡ። ጺሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሁለት ዱላ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። አቶ አይኬ «ተናገር» አሉት።

ኢንጂነሩ ድምፁ ተሰባብሯል። «አመታቴ ጉድለት አለበት። ኳሴ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትጎብጥብኛለች። ስለዚህ ሆን ብዬ ወደ ግራ እቆማለሁ፤ ስትመለስ መሀል ሜዳ ትወድቃለች። እህቴ ውጭ አገር ናት፤ ለዚሁ ብላ አዲስ ዱላ ላከችልኝ። የዚህ ዱላ፣ ኳስ የሚመታው ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ክብደቱም ዘንጉ ወደተሰካበት ወገን ያደላል። ጉብጠቱን ያቃናል የተባለ ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩት። አቋቋሜን ግን እንደለመድኩት አደረግኩ። ኳሷ ተመልሳ ትመጣለች ብዬ ነበር። አልተመለሰችም።»

ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ሳቅኩ፤ መራራ ሳቅ። «ወይ ብልጠት! አባባ፣ አሁን ዱላውን ይዞ እንደፈለገ አድርጎ ይመታና ያታልለናል። የለመደ እጅ ነው!»

«ልክ ነህ» አሉኝ አቶ አይኬ። «እሱ አይመታም። አንተ ምታ።»

ክው አልኩ።

«የተመታ ይያዘው» አሉ። «አንተ ይህን ሰው ትጠላለህ። እጅህ ለሱ አይዋሽም።»

መጀመሪያ አሮጌውን ሰጡኝ። ኳስ የሚመታው ራሱ ከእንጨት የተሠራ፣ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው። ኢንጂነሩ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ እሱ እንደሚቆመው፣ ፊቴን ወደዚያ የእግር መንገድ አስተካክለው አቆሙኝ። አገሬ ሳለሁ በልጅነቴ በቆልማማ እንጨት የገና ጨዋታ ኳስ፣ ሩር፣ መትቼ አድጌያለሁና ቀላል መስሎኝ ነበር። ዱላውን አንሥቼ አወረድኩ፤ ሣር ብቻ ቆረጥኩ። ደገምኩ፤ ነፋስ። እንደዚያ ባለ ቀን እንኳ ሰው ሳቀ። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ አገኘኋት። ኳሷ ወደ መንገዱ ተነሣች፣ ሄደች ሄደችና አየር ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ዘነቡ «ይኸው!» ብላ ቅርጫቷን ይዛ ዘወር አለች። ደግሜ መታሁ፤ አሁንም ወደ ቀኝ ታጠፈች። የእኔም አመታት የኢንጂነሩን ጉድለት ይዟል ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው አሉ በኋላ።

አዲሱን አቀበሉኝ። ጥቁር ብረት ነው፣ ራሱ የጡጫ ያህል። አናጢ ነኝ አላልኳችሁም? ከመምታቴ በፊት አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ፊቱን አየሁት። እውነትም ቀጥ አላለም፤ እግሩ ወደ ውስጥ እንደዞረ ሰው ነው። ልዩነቱ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። መላጊያ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ምላጩ በትንሹ ዘመም ሲል እጅህ ቀጥ ቢል እንኳ እንጨቱ አንድ ወገኑ ተበልቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ኢንጂነሩ እውነቱን ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ሞኝ የያዘውን አይለቅም፤ «አይሆንም» አልኩ በልቤ። ቦታዬን አልቀየርኩም፣ እግሬን አላንቀሳቀስኩም። መታሁ።

ኳሷ ወደ መንገዱ ተነሣች። ተመለሺ፣ ውሸቱን አውጪው አልኩ በአፌ። በልቤ ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንድትቀር ነበር የምመኘው ወይስ እንድትመለስ፣ እኔም አላውቀውም። አልተመለሰችም። ጭራሽ ወደ ግራ ተሳበችና የእግር መንገዱ ላይ፣ የጋሼ ደም ገና ካልታጠበበት ሣር ትንሽ ብቻ ራቅ ብላ ወደቀች።



«ሌላ ስጡኝ» አልኩ። ሰጡኝ። አሁን ሆን ብዬ ወደ ቀኝ ልመታት ሞከርኩ። እሷ እንደሆነ ወደዚያው። ሌላ። ወደዚያው። መዳፌ ተላጠ። አጠገቤ ቆመው የነበሩ የአገሬ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። እኔ ኢንጂነሩን ልከስበት በመጣሁበት ሜዳ፣ እጄ ለኢንጂነሩ መሰከረ።

አቶ አይኬ ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «ሰው መንገዱ ላይ እንዳለ አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አለ። «ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ሁልጊዜም ሰው እያለፈ እመታ ነበር። ኳሴ ትዞራለች ብዬ… ቁም ብዬ ልጮህለት ይገባኝ ነበር።»

«ልብህ አልመታውም» አሉት ሽማግሌው። «ዓይንህ ግን ንቆታል። ለዚህ ሕግ ይጠይቅህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን አየህ? ሰው ይስማ።»

ቁጣዬ ከትናንት ጀምሮ አቁሞኝ የነበረ ምሰሶ ነው፤ እሱን ካወጣሁ መውደቄ ነው። ቢሆንም ሐሰት መናገር አልሆነልኝም። «ፈልጎ አይደለም» አልኩ። «ጮክ በል» አሉኝ። «ፈልጎ አይደለም! ዱላው ነው!»

ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ ነው ከሆስፒታሉ በኩል የሴት ጩኸት የተሰማው። ከብርቄ ጋር የነበረችው ጎረቤታችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች ትመጣለች። ምን እንደምትል መስማት አላስፈለገኝም። ጋሼ ሞቷል።

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት ኳሷ ወዴት እንደሄደች ጠፋኝ። የተናገርኩት ጠፋኝ። እጄ ጃኬቴ ውስጥ ገብቶ መሮውን ጨብጧል። ከኋላዬ «ያዘው!» የሚል ድምፅ ተነሣ፣ ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። ሁለቱ ፖሊሶች ምን ያህሉን ይመክታሉ? ኢንጂነሩ ይሮጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሮጥ ኖሮ አባርሬ እገድለው ነበር፤ አልጠራጠርም። አልሮጠም። ሣሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጣቶቹ መሀል እንባው ሲወርድ አየሁት።

እኔ በላዩ ቆሜያለሁ። አንድ ድንጋይ ትከሻዬን መታኝ። ሕመሙ ነው መሰል ያነቃኝ። መሮውን አውጥቼ ወዲያ ወረወርኩትና ፊቴን ወደ ወገኖቼ አዞርኩ።

«ተዉ!» አልኩ። «የሞተው የማን ወንድም ነው? የእኔ! እኔም መትቻለሁ፣ አይታችኋል! ትናንት እኔ ይህን ዱላ ይዤ ብቆም ጋሼን የምገድለው እኔ ነበርኩ! ይህን ሰው የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይርገጥ!»

ድንጋዩ የቆመው ወዲያው አይደለም። አንድ ሁለት ተጨማሪ አርፎብኛል፤ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ግን ቆመ። ፖሊሶቹ ሰውዬውን አንሥተው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ነው ሣሩ ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩት። አቶ አይኬ አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ቆዩ።

ኢንጂነሩ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ተብሎ ተፈረደበት፣ ታሰረ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ያየሁትን ተናግሬያለሁ። ከአገሬ ልጆች መካከል በዚያ የተነሣ እስከ ዛሬ ሰላም የማይለኝ አለ። አልፈርድበትም። እኔም ዱላውን ባልይዝ ኖሮ እንደሱ ነበር የማስበው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ በእኔ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰው ሲበድለኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነበር፤ ወዴት ዞሮ ቆመ፣ ምን አለ፣ እንዴት አየኝ። አሁን ምን ይዞ ነበር ብዬም እጠይቃለሁ። ምን ሰጥተውት፣ በየትኛው አመል ላይ ተጨምሮ? ሰው የለመደውን ጉድለት እያስተካከለ ይኖርና አንድ ቀን የሚያቃና ነገር ሲሰጡት ያው ማስተካከያው ሰው ይገድላል። ይህን ስላችሁ ግን ይቅርታ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ጥፋተኛ ያለው ሐዘንተኛ ቢያንስ የሚረግመው አለው። እኔ የሚረገመውን አጥቼ ነው ወንድሜን የቀበርኩት። ከጥላቻው ይልቅ ያ ነው የከበደኝ።

በለቅሶው ድንኳን የመጨረሻ ቀን፣ ሰው ሲበተን፣ ብርቄ ጠራችኝ። ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከሞተ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር።

«ማቴ፣ እውነት ነው? ከሰውዬው ፊት ቆመሃል?»

«እውነት ነው፣ እትዬ ብርቄ።»

«ለምን?»

ሁሉንም ነገርኳት። አሮጌውን፣ አዲሱን፣ ኳሷ እንዴት አልመለስ እንዳለች፣ መዳፌ እንዴት እንደተላጠ። መዳፌንም ዘርግቼ አሳየኋት። አየችው፣ በጣቷ ነካችው።

«አንተስ ዱላውን ይዘህ አወቅህ» አለችኝ። «እኔ ምን ይዤ ልወቅ?»

አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ ጎን ለጎን ነው የምንኖረው፣ ልጆቿን ከልጆቼ ጋር አሳድገናል። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።